ጥሩ ልጆች ይዞ የሚሸነፍ ቡድን፦ የዋሽንግተን ናሽናልስ 2025

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለቤዝቦል ቡድኑ ለዋሽንግተን ናሽናልስ የ2025 ሲዝን ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። አንዱ የወጣቱ መቺ የጄምስ ዉድ ነው። ሁለተኛውን ስታዲየሙ፣ ሬዲዮው እና ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል እንደ አዲስ የሮጡት ወጣቶች ይካፈሉት። የቀሩት ሦስቱ የት እንደገቡ ነው የምጽፈው። ይህን ቡድን እወደዋለሁ። ለቲኬቱ ከፍያለሁ፣ በሬዲዮ ስከታተለው አምሽቻለሁ። ስለዚህ የምለው አለኝ።

ውጤቱ ይኸው፦ 66 አሸነፉ፣ 96 ተሸነፉ። ቤዝቦል ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል። 96 ሽንፈት ማለት በሳምንት ወደ አራት ቀን እያዘኑ መተኛት ነው። ከምድባቸውም መጨረሻ ወጡ።

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። በ2022 107 ጊዜ ተሸንፈው ታች ነኩ። በ2023 71 አሸነፉ። በ2024ም 71። እንግዲህ 2025 ቀና የሚሉበት ዓመት መሆን ነበረበት። ልጆቹ በአንድ ዓመት በስለዋል። የፒቸሩ፣ ማለትም የወርዋሪው የፓትሪክ ኮርቢን የ140 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አልቋል። ደጋፊውም ሲታገስ ኖሯል። ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ሳለ ወደ 66 ወረዱ።

አብረውኝ ስታዲየም የሚሄዱ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። እዚህ አገር ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ልባቸው ግን እግር ኳስ ላይ ነው። ቤዝቦሉን የለመዱት በእኔ ጉትጎታ ነው። በ2025 ሰመር አንድ ቀን ጨዋታው ከእጅ ሲወጣ ዞር ብለው፣ «አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ እየተሸነፉ ለምን አይወርዱም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ወራጅ የሚባል ነገር የለም።»

«ታዲያ መጨረሻ የወጣው ምን ይሆናል?»

«የሚቀጥለውን ዓመት ምርጥ ወጣት ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄማ ሽልማት ነው» አሉ።

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ድራፍት የሚባለው የወጣቶች ምርጫ አሁን በዕጣ ነው። ደግሞ እንደ ዋሽንግተን ትልቅ ገበያ ያለው ቡድን በተከታታይ ዓመታት ዕጣው ውስጥ አይገባም። በ2023 መጨረሻ በወጣው ዕጣ የመጀመሪያው ቁጥር የናሽናልስ ነበር። ነገር ግን ዓመቱ ስለማይፈቅድላቸው ዕድሉ ለክሊቭላንድ ሄደ፤ እነሱ አሥረኛ መረጡ። ትንሽ ከተማ ያለ ድሃ ቡድን እየተሸነፈ ወጣት ሊያከማች ይችላል። ዲሲ ላለ ቡድን ግን መሸነፍ እንኳን አያዋጣም። ይህን የስታዲየሙ በር ላይ ኮፍያ የሚሸጠው ሰው ያውቀዋል። ባለቤቶቹ ግን የገባቸው አይመስልም።

ወደ ኋላ ልመለስ፤ ያለ 2019 ይህ ቡድን አይገባም። ያን ዓመት ሜይ መጨረሻ ላይ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ኦክቶበር 1 ከሚልዋኪ ጋር በነበረው የአንድ ቀን ሞት ሽረት ጨዋታ 3 ለ 1 እየተመሩ ከዘጠኙ ዙር ስምንተኛው ኢኒንግ ገባ። የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ የጆሽ ሄደርን ኳስ መታው። ኳሱ በተከላካዩ በኩል አመለጠ፣ ሦስት ሰው ገባ፣ 4 ለ 3። ከዚያ ዶጀርስን ጣሉ፣ ካርዲናልስን አራት ለባዶ ጠረጉ። ኦክቶበር 30 ሂዩስተን ላይ ሃዊ ኬንድሪክ የመታው ኳስ የቀኙን ምሰሶ ገጭቶ ሆም ራን ሆነ፤ ሆም ራን ማለት መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ የሚገባበት ምት ነው። ዋንጫው ከ1924 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽንግተን ገባ። በፍጻሜው፣ በዎርልድ ሲሪሱ ያሸነፉት አራቱም ጨዋታ ሂዩስተን ሜዳ ላይ ነበር። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበር። 22 ቁጥር የሶቶን ማልያ ገዛሁለት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ከተሸነፉት በላይ አላሸነፉም።

ኮከብ መቺው አንቶኒ ሬንዶን ሄደ። ፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ የዎርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጉዳት የተነሳ ስምንት ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ጡረታ ወጣ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ያ ሰው እጁን ለዚያ ዋንጫ ነው የሰጠው፤ የተከፈለው ሁሉ ይገባዋል። ኮርቢንም ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሊጉ ብዙ ሽንፈት የተመዘገበበት ፒቸር ሆነ። ያም ሆኖ ተራው ሲደርስ ኳሱን ተቀብሎ ይወጣ ነበር። ለዚያ አክብሮቴ አለ።

በ2021 ጁላይ ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን አንድ ላይ ለሎስ አንጀለስ ሰጡ። የመጡት ዋናዎቹ ካቸር (የፒቸሩን ኳስ የሚቀልበው) ኪበርት ሩዊዝ እና ፒቸር ጆሳያ ግሬይ ነበሩ። ሩዊዝ ስምንት ዓመት በ50 ሚሊዮን ፈረመ፤ ዱላው ግን ተስፋ እንደተጣለበት አልሆነም፤ በ2025 ደግሞ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሜዳ ራቀ። ግሬይ ክርኑን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ይህ ዝውውር አልተሳካም። በአንድ ጊዜ ሁለት ኮከብ ሰጥቶ ይህን መቀበል፣ እኔ ዛሬም አይዋጥልኝም።

የሶቶው ግን ሌላ ነው። ብዙ ደጋፊ ስለ ሶቶ ሲነሳ ፊቱ ይቀያየራል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው። 440 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመት ቀረበለት፣ እምቢ አለ። በኋላ ከኒውዮርኩ ሜትስ 765 ሚሊዮን አገኘ፤ ስለዚህ ለራሱ ትክክል ነበር። ናሽናልስ ደግሞ በኦገስት 2022 ለሳንዲዬጎ ሰጥተውት ጄምስ ዉድን፣ ሲጄ አብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን እና ሌሎችም ወጣቶችን ተቀበሉ። ሦስቱም ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ልጄ 22 ቁጥሩን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ሲያስገባ ሆዴ ተላውሷል። ግን አንድ ሰው ሰጥቶ ሦስት ኮከብ መቀበል የሚሳካለት ቡድን ጥቂት ነው። ቡድኑን የጎዳው የሶቶ መሄድ አይደለም። ሶቶ ከሄደ በኋላ እጅ አጣጥፎ መቀመጡ ነው።

ዉድን በዓይኑ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ ልጅ ነው፤ ለብዙዎቻችን የጎረቤት ልጅ ማለት ነው። ሊመታ ሲቆም አይንቀጠቀጥም፣ አይወራጭም። ሰፊ ትከሻውን ለቀቅ አድርጎ ይጠብቃል። ኳሱ ይመጣል። እሱ ገና ነው። አሁን አለፈው ስትሉ ዱላው ድንገት ይመጣና ኳሱን በግራ በኩል ከአጥሩ ጀርባ ይጥለዋል። ግራኝ መቺ ነው፤ ግራኝ መቺ ደግሞ ወደ ግራ ሜዳ ያን ያህል አርቆ አይመታም። እሱ ግን እዚያ ነው የሚመታው። ድምፁም ይለያል፤ የላይኛው ፎቅ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁ ስልክ ላይ ቢሆን እንኳን በድምፁ ታውቁታላችሁ።

ጁን 29 አናሃይም ላይ ኤንጀልስ ዉድን እንዳይመታባቸው አራት ጊዜ ሆን ብለው በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሰደዱት። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዲህ የተደረገበት ሰው ከባሪ ቦንድስ ወዲህ፣ ከ2004 ወዲህ፣ አልነበረም። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ክብር አወራው፤ ክብርም ነው። ናሽናልስ ጨዋታውንም አሸንፈዋል። እኔ ግን ሌላውንም ገጽ አየሁት። አንድን ሰው አራት ጊዜ በነፃ የምትለቀው ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ስላልፈራህ ነው። ስለ ቡድኑ አሰላለፍ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አስተያየት ማንም አልሰጠም፤ የሰጠው ደግሞ ተጋጣሚ ነው።

ዉድ ከኦል ስታር እረፍት በፊት 24 ሆም ራን መታ። ከእረፍቱ በኋላ 7 ብቻ። ዓመቱን በ31 ጨረሰ። 221 ጊዜ ደግሞ ስትራይክ አውት ሆነ፣ ማለትም ኳሱን ሳይመታ ተሰናበተ፤ የሁሉ ጊዜ ክብረ ወሰኑ 223 ነው። ይህ ልጅ ላይ ጣቴን አልቀስርም። 22 ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱም ነበር። ፒቸሮች አጠኑት፣ ድክመቱን አገኙ፣ ደጋግመው እዚያው ላይ ወረወሩበት። የእኛ ቤት ጥናት የት ነበር? አንድ ተጫዋች ለሁለት ወር ተኩል በተመሳሳይ መንገድ ሲወድቅ እያየ መፍትሔ ያላመጣ የአሰልጣኞች ክፍል ሥራውን አልሠራም።

ስለ ጎር ደግሞ አንዲት ጨዋታ ትበቃለች። የመክፈቻው ቀን፣ ማርች 27፣ ከፊላዴልፊያ ጋር፣ ናሽናልስ ፓርክ። ጎር ስድስት ኢኒንግ ወረወረ። 13 ሰው በስትራይክ አውት አሰናበተ። አንድ ሂት (ቤዝ የሚያስይዝ ምት) ብቻ ነው የሰጠው፤ በነፃ ያሳለፈው አንድም ሰው የለም። ያን የመሰለ የመክፈቻ ቀን ውርወራ ብዙ ዘመን ላይታይ ይችላል። ከዚያ ኳሱን ለቡልፔኑ፣ ማለትም ተተክተው ለሚገቡት ወርዋሪዎች አስረከበ። በአሥረኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸነፉ። ጎር ዓመቱን በ5 ድልና በ15 ሽንፈት ጨረሰ። ከእረፍቱ በኋላ እሱም ደክሟል፤ አልሸሽገውም። ግን 15 ሽንፈቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ቡልፔኑን በተመለከተ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ተርታ ነበር። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ የቡልፔኑ በር ሲከፈት በእኔ ረድፍ ያሉ ሰዎች ጃኬታቸውን ያነሳሉ። እየመራን እንኳን ያነሳሉ። እንደምንም የሚያምኑት ካይል ፊነገን ነበር፤ እሱንም ጁላይ ላይ ለዲትሮይት ሰጡት።

አብራምስ ፈጣን ነው። 31 ቤዝ ሰርቋል፣ ዱላውም ጥሩ ነው። ሾርትስቶፕ ላይ፣ ማለትም በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ሲከላከል ግን እጁ አያስተማምንም። ወደ እሱ ቀላል ኳስ ስትንከባለል ትንፋሼን እይዛለሁ። ሁለተኛ ቤዝ ወይም አውትፊልድ (የኋላው ሜዳ) ቢያወጡት ቡድኑም እሱም የሚጠቀሙ ይመስለኛል፤ ይህን ለዓመታት ያልሞከሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ጄኮብ ያንግ ዱላው ደካማ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ አጥር ላይ እየዘለለ ሲቀልብ ግን የቲኬቱ ግማሽ ዋጋ እዚያው ይመለሳል። ዲላን ክሩስ በ2023 ድራፍት ሁለተኛ የተመረጠ ነው። ሜይ ላይ ጎኑን ተጎድቶ እስከ ኦገስት ጠፋ። ገና ነው፤ አልፈርድበትም።

ደስ ያለኝ ዴይለን ላይል ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። 11 ትሪፕል መታ፤ ትሪፕል ማለት በአንድ ምት ሦስተኛ ቤዝ መድረስ ነው፤ በቤዝቦል ከሆም ራንም የሚከብድ ነገር ነው። የሴፕቴምበር ምርጥ ጀማሪ ተብሎም ተመረጠ። ሴፕቴምበር 20 ኒውዮርክ ላይ ከሜትስ ጋር አሥራ አንደኛው ኢኒንግ ገባ። ላይል ኳሱን ወደ ጥልቁ ሜዳ ሰደደና ሮጠ። አንደኛን አለፈ፣ ሁለተኛን አለፈ፣ ሦስተኛን አለፈ፤ ኳሱ ሳይመለስ ሆም ገባ። ያቺ ሽንፈት ሜትስን ምን እንዳስከፈለቻቸው ዓመቱ ሲያልቅ ታየ፤ ከሲንሲናቲ ጋር እኩል አሸንፈው ሳለ ከፕሌይኦፍ፣ ከዋንጫው ጥሎ ማለፍ ቀሩ። የ765 ሚሊዮኑ ሶቶ ቤቱ ቀረ። ልጄ ያን ሌሊት አልተኛም፤ እኔም አልተቆጣሁትም።

አሁን ወደ ቢሮው። ከ2025 በፊት በነበረው የዝውውር ጊዜ ምን ገዙ? ማይክል ሶሮካን በ9 ሚሊዮን፣ ጆሽ ቤልን በ6 ሚሊዮን፣ ፖል ዴዮንግን፣ አሜድ ሮዛሪዮን። አብዛኛው የአንድ ዓመት ኮንትራት ነው። ናትናኤል ሎውን ከቴክሳስ ለመውሰድ ሮበርት ጋርሲያን፣ ቡልፔኑ ውስጥ ከነበሩት የተሻለውን ግራኝ ሰጡ። ሎው ኦገስት ላይ ተሰናበተ። በአንድ እጅ ቡልፔኑን አዳክመው በሌላ እጅ የገዙት ሰው ዓመቱን እንኳን አልጨረሰም። የአንድ ዓመት ሰው ቀዳዳ ለመድፈን ጥሩ ነው። ቤት ለመሥራት ግን አይሆንም።

ደግሞ አስቡት፤ በቤዝቦል ሕግ አንድ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ነው የሚጫወተው። በ2025 ያ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ነው፤ እንደ ዉድ ላለ ተጫዋች ግን ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የቡድኑ ምርጥ ሰው ከሁሉም ርካሹ ነው። ገንዘብ የሚወጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በዙሪያው ሁለት ጠንካራ ፒቸርና አንድ የሚፈራ መቺ መግዣው ጊዜ ይህ ነበር። አልገዙም። አብራምስ እስከ 2028፣ ዉድ እስከ 2030 ነው በእጃቸው ያሉት። ጎር ደግሞ እስከ 2027 ብቻ ነበር። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።

ጁላይ 6 ተጫዋች የሚገዛውንና የሚሸጠውን ጀነራል ማናጀር ማይክ ሪዞን እና ዋና አሰልጣኙን፣ ማለትም ማናጀሩን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበቱ። ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ነበር። ድራፍቱ ሊካሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። ሁለቱም የ2019ን ዋንጫ ያመጡ ሰዎች ናቸው። ለሪዞ ሐውልት ቢቆም አልቃወምም። ሶቶን ያስመጣው፣ ሸርዘርን ያስፈረመው እሱ ነው። ነገር ግን የድራፍት ሥራው ለዓመታት ደርቆ ነበር። ካርተር ኪቡም የሬንዶን ተተኪ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ አልሆነም። ሜሰን ዴናበርግ በ2018 በመጀመሪያው ዙር ተመርጦ ዋናውን ሊግ አላየም። ሌሎች ቡድኖች ካሜራና መረጃ እየተጠቀሙ ተራ ወርዋሪን ሲያሻሽሉ እኛ ዘንድ ልጆች እንደመጡ ይቀሩ ነበር።

ዴቪ ደግሞ ጁን ላይ 11 ጨዋታ በተከታታይ በተሸነፉበት ሰሞን ጥፋቱ በፍጹም የአሰልጣኞች እንዳልሆነ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አሰልጣኞቹን ሊከላከል ፈልጎ ይሆናል። ግን ያ ቃል የወደቀው በ22 እና በ23 ዓመት ልጆች ትከሻ ላይ ነው። ያን ቀን ለእኔ ነገሩ አለቀ። ያን የሽንፈት ጉዞ ጁን 19 የቆረጠው ማን ነው? ዉድ ነው፤ በአሥራ አንደኛው ኢኒንግ፣ በሆም ራን።

መሰናበታቸው ትክክል ነበር። ሆኖም ሁለት ሰው ተሰናብቶ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከእነሱ ኪስ አልነበረም። ቡድኑን በ2006 በ450 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የለርነር ቤተሰብ ነው። አባትየው ቴድ ለርነር በ2023 አረፉ። በዘመናቸው ለትልቅ ስም ትልቅ ገንዘብ ይወጣ ነበር፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። አሁን የሚመራው ልጃቸው ማርክ ነው። ቤተሰቡ በኤፕሪል 2022 ቡድኑን ሊሸጥ እንደሚችል አስታወቀ። በፌብሩዋሪ 2024 አንሸጥም አለ። በሁለቱ መካከል ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቡድኑ የሚሸጥ ቤት ሆኖ ከረመ፤ የሚሸጥ ቤት ደግሞ ማንም አያድስም።

ከባልቲሞር ጋር በቴሌቪዥን ገንዘብ የነበረው ክርክርም አለ። ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደዚህ ሲዛወር ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጣቢያ አብላጫ ድርሻ ለባልቲሞሩ ኦሪዮልስ ተሰጠ። ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በማርች 2025 ተስማሙ፤ ከ2025 በኋላ ናሽናልስ ነፃ ሆኑ። ይህ እውነተኛ ችግር ነበር። ሲዝን በመጣ ቁጥር ሰበብ ሆኖ ሲጠቀስም ኖሯል። አሁን ያ ሰበብ የለም።

አዲሶቹን ሰዎች በተመለከተ ተስፋ አለኝ። ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒ የቤዝቦል ክፍሉን ይመራል። ማናጀሩ ብሌክ ቡቴራ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር፤ ከ1972 ወዲህ በሊጉ እንዲህ ወጣት ማናጀር አልተሾመም። ከታምፓ ቤይ ነው የመጣው፤ እዚያ ሥራው ወጣት ተጫዋቾችን ማሳደግ ነበር። ታምፓ በትንሽ ገንዘብ ተጫዋች በማሻሻል የታወቀ ቤት ነው። እኛን የጎደለን ይህ ነው፣ ሹመቱን ወድጄዋለሁ። በድራፍቱ አንደኛ የመረጡት ኢላይ ዊሊትስ ከኦክላሆማ የመጣ ሾርትስቶፕ ነው፣ ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ 8.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። እሱን ቢያንስ ሦስት ዓመት አንጠብቀው፤ ልጅ ነው። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ሆሴ ፌረርን ለሲያትል ሰጥተው ሃሪ ፎርድ የሚባል ወጣት ካቸር አመጡ። ፌረር ጠንካራ ክንድ ነበር፤ ግን ለደካማ ቡድን የመጨረሻ ኢኒንግ ወርዋሪ ቅንጦት ነው፤ ካቸር ደግሞ በየቀኑ ይጫወታል። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ነው። አዲስ አለቃ ሲመጣ «እንደገና ከሥር እንጀምር» ይላል። ከ2021 ጀምሮ ከሥር ስንጀምር ነው የኖርነው። አብራምስን ሰጥተው በ2029 ለሚደርሱ ልጆች ከለወጡ፣ ዉድ የሚሄድበት ጊዜ ሲደርስ እነዚያ ገና እየጀመሩ ነው። ለቶቦኒ የምለው ይህን ነው፦ ዉድን አሁን አስፈርሙት። ሶቶን እንደጠበቃችሁት አትጠብቁት። ሁለት ልምድ ያላቸው ፒቸሮች ግዙ፤ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሦስት። ለአንደኛ ቤዝ የሚመታ ሰው ፈልጉ። ዉድን አራት ጊዜ በነፃ የሚሰድ ቡድን ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ይቀጣ።

ስታዲየሙን ላልሄዳችሁበት ጥቂት ልበል፤ እሱ ኮከቡ ይገባዋል። ናሽናልስ ፓርክ በ2008 የተከፈተ ነው፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር። በሜትሮ አረንጓዴው መስመር ኔቪ ያርድ ወርዳችሁ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ነው። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። የላይኛው ፎቅ ርካሹ ወንበር እይታው ግልጽ ነው፤ ከአንዳንዱ ቦታ ካፒቶልም ይታያል። ልጆች ካሏችሁ አራተኛው ኢኒንግ ላይ ከወንበራችሁ አትነሱ። ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁት ፕሬዚዳንቶች፣ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከን እና ሩዝቬልት በሜዳው ዳር ይሽቀዳደማሉ። ሩዝቬልት በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያሸንፍ ድረስ ከ500 በላይ ውድድር ተሸንፏል። ዉድን በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ የግራ ሜዳውን ወንበር ምረጡ፤ የሚመታው ወደዚያ ነው፣ በ2025 የሚቆመውም እዚያ ነበር።

ሬዲዮው ደግሞ ነፃ ነው። ቻርሊ ስሎውስ እና ዴቭ ጃግለር ከ2006 ጀምሮ አብረው ያስተላልፋሉ። በሽንፈት ቀንም አይዋሹም፣ አያማርሩም። ቤዝቦል ልልመድ የሚል ሰው ከቴሌቪዥን በፊት እነሱን ቢሰማ ጨዋታው ቶሎ ይገባዋል። ጋሼም የለመዱት በእነሱ ነው።

ለ2026 ባለ ብዙ ጨዋታውን ጥቅል አልገዛሁም። እየመረጥኩ፣ በተለይ በኤፕሪልና በሜይ፣ አንድ አንድ ጨዋታ እገዛለሁ። ልጄ 29 ቁጥር፣ የዉድን ማልያ ጠይቆኛል፤ የዉድ ስም ረጅም ኮንትራት ላይ እስኪሰፍር አልገዛለትም ብዬዋለሁ። ያስፈረሙት ዕለት ማልያውንም ጥቅሉንም አብሬ እገዛለሁ።